የሼርቡር ጃንጥላዎች፦ ዤንቪዬቭ ከዳችው ወይስ ጊዜው ነጠቃቸው?

ብርቱካን_ቀለም

ሰላም ለሁላችሁ። «የሼርቡር ጃንጥላዎች» የሚባለውን የፈረንሳይ የፍቅር ፊልም ያያችሁ ካላችሁ እስቲ ኑና እንከራከር። ያላያችሁት ግን መጨረሻውን ጭምር ስለምናወራ አይታችሁት ብትመለሱ ይሻላል። አንድ ሰዓት ተኩል ነው የሚፈጀው።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ዣክ ደሚ ጽፎና አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው ነው። በኛ 1956 መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ወስዷል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ ንግግር የሚወጣ አንድም ቃል የለም፤ ሁሉም ይዘፈናል። ፍቅሩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የመኪና ጥገናው፣ የሱቁ ዕዳ፣ የፖስተኛው መምጣት፣ የነዳጅ ማደያው ጥያቄ ሳይቀር በዜማ ነው።

ቦታው ሼርቡር ነው፤ በሰሜን ፈረንሳይ ያለች የወደብ ከተማ። ዤንቪዬቭ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ከእናቷ ጋር ጃንጥላ ይሸጣሉ። ጊ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ጋራዥ ይሠራል። ተዋደዱ። ከዚያ እሱ ለወታደራዊ ግዳጅ ወደ አልጄሪያ ተላከ፤ እሷ አርግዛ ቀረች። ደብዳቤው እየሳሳ ሄደ። እናትየው በዕዳ ተይዛለች። ሮላን ካሳር የሚባል ሀብታም የጌጣጌጥ ነጋዴ ልጅቷን እንደ እርጉዝነቷ ሊያገባት ጠየቀ፤ አገባችውም። ጊ እግሩን ቆስሎ ሲመለስ ሱቁ ተሽጧል፣ እሷም የለችም።

ከጓደኞቼ ጋር ነበር ያየነው። ሲያልቅ ሁሉም «ከሃዲ ናት» አሏት። እኔ ፊልሙ እንዲህ የሚል አይመስለኝም። እንዲያውም ሆን ብሎ የምንከሰውን ሰው አሳጥቶናል። እናትየው ልጇን የምትወድ፣ ዕዳ ያስጨነቃት ሴት ናት። ሮላን በገንዘቡ ያስገደደ ሰው አይደለም፤ «ልጁ የጋራችን ይሆናል» ብሎ የሚቀበላት ጨዋ ሰው ነው። ጊ አልበደለም። ዤንቪዬቭም አልዋሸችም። ሁሉም ደጋግ ሆነው ሳለ ፍቅሩ ከእጃቸው ወጣ። እኔን ያስለቀሰኝ ይህ ነው። ክፉ ሰው ቢኖርበትማ እሱን ጠልተን እንገላገል ነበር።

እናንተስ?

ጋራዥ_ልጅ

ጥሩ ፊልም አንስተሻል ብርቱካን። በፍርዱ ግን ከጓደኞችሽ ጋር ነኝ።

መጀመሪያ የወደድኩትን ልናገር። መካኒክ ነኝ። ፊልም ላይ ጋራዥ ሲታይ ብዙ ጊዜ ወይ የሌባ መደበቂያ ነው፣ ወይ ልጁ አንድ ቀን ላመልጥበት ብሎ የሚመኘው ቆሻሻ ቦታ። እዚህ ግን ታሪኩ የሚጀምረው ጋራዥ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው የተዘፈነ ወሬ ምን እንደሆነ አስተውላችኋል? ደንበኛው «አለቀ?» ይላል፤ ጊ ደግሞ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ገና ትንሽ ያንኳኳል፣ ግን ያለ ነው ይለዋል። ይኸው ነው! እኔ በቀን ስንት ጊዜ የምለውን ነገር ሰው በሙሉ ኦርኬስትራ ሲዘፍነው ሰማሁ። ከዚያ ሠራተኞቹ ሲታጠቡና ልብስ ሲቀይሩ ማታ የት እንደሚሄዱ ያወራሉ። ጊ ኦፔራ ሊያይ ነው። አንዱ ባልደረባው ሰዎች ሲዘፍኑ መስማት አልወድም፣ ለኔ ሲኒማ ይሻለኛል ይላል፤ እሱንም እየዘፈነ!

በኋላ ሳነብ የዣክ ደሚ አባት ናንት ከተማ ውስጥ ጋራዥ እንደነበራቸው አገኘሁ። ደሚ ያደገው እዚያ ነው። ይታያል። ቱታውን፣ እጅ ማጠቢያውን፣ ከአለቃ ጋር የሚደረገውን «ዛሬ ትንሽ ታመሻለህ?» የሚለውን ድርድር የሚያውቅ ሰው የሠራው ነው።

ወደ ዤንቪዬቭ ስንመጣ ግን ፊልሙ ራሱ ወሩን እየጻፈ ያሳየናል። ጊ የሄደው ኖቬምበር 1957 ነው። በሚቀጥለው ጸደይ እሷ የሌላ ሰው እጮኛ ናት። «ያላንተ መኖር አልችልም» ብላ ካፌ ውስጥ ያለቀሰች ልጅ ግማሽ ዓመት በቅጡ አልጠበቀችም። ባቡሩ ሲነሳ ካሜራው ከባቡሩ ጋር እየራቀ እሷ እያነሰች እያነሰች ስትሄድ ታያላችሁ። ለእኔ ያቺ ቦታ ላይ ነው የሄደችው። የቀረው ሰበብ ነው።

የባሕር_ማዶ_ልጅ

ወንድሜ ጋራዥ ልጅ፣ ግማሽ ዓመት በአፍ ሲጠሩት አጭር ነው። ሆድሽ እየገፋ፣ ደንበኛ ሱቅ በገባ ቁጥር እየሸፈንሽ፣ የምትጠብቂው ሰው ጦር ሜዳ ሆኖ መኖር አለመኖሩን ሳታውቂ ስንት እንደሚሆን የጠበቀ ሰው ነው የሚነግርህ።

ዐረብ አገር ነው ያለሁት፤ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ፊልሙን ማታ በስልኬ ነው ያየሁት፤ ፈረንሳይኛ አልችልም፣ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እየተከተልኩ። አንድ ቦታ ላይ አቆምኩት። ዤንቪዬቭ ለእናቷ ስለ ጊ ስታወራ፣ ሳስበው የሚመጣብኝ ፎቶው ነው ትላለች። እሱን ሳይሆን ፎቶውን ነው የምታስታውሰው። ይህን የጻፈ ሰው ናፍቆት እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል። እኔም ከአገር ስወጣ እጮኛ ነበረኝ። መጀመሪያ የሚጠፋው ድምፁ አይደለም፤ ሲስቅ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ነው። ከዚያ የቀረሽ አንድ ፎቶ ብቻ ይሆናል፤ ያው ሸሚዝ፣ ያው አቋቋም። እኛ እንኳ በየቀኑ በስልክ እየተያየን ይህ ደረሰብን። እሷ የነበራት ደብዳቤ ብቻ ነው፤ እሱም ሲመጣ።

የኔውን ታሪክ ለመጨረስ ያህል፣ ሌላ ያገባው እሱ ነው። ተናድጄበት ነበር። ከሃዲ ግን ብዬው አላውቅም። በመካከላችን የገባው ሌላ ሴት ሳትሆን ርቀቱና ገንዘቡ ነበር፤ ሴቲቱ በኋላ ነው የመጣችው።

እና አንድ ነገር ጨምሩበት። ሮላን በጥር ወር እራት ሲጋበዝ ቤቱ ውስጥ የበዓል ኬክ ይቆረሳል፤ ውስጡ የተደበቀችውን ፍሬ ያገኘ ይነግሣል። የደረሰው ለዤንቪዬቭ ነው። የወርቅ ወረቀት ዘውድ ደፍታ፣ ፊቷ ላይ ግን ምንም ደስታ የለም። ተገዳለች ማለቴ አይደለም። ሁሉም ሰው በደግነት ወደ አንድ በር ሲገፋት ግን አየሁ።

ቀጥታ_ተናጋሪ

እኔ ሃያ ደቂቃ አይቼ ነው የዘጋሁት። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሰው ሰላምታ ሲዘፍን፣ ሒሳብ ሲዘፍን፣ «በሩን ዝጊው» ሲዘፍን ስሜቱ ይሸሸኛል። ፍቅር የሚያሳምነኝ ዝም የሚል ነገር ሲኖረው ነው። እዚህ ዝምታ የለም። ቀለሙም እንደዚያው። የሱቁ ግድግዳ ሮዝ፣ የቤቱ ግድግዳ አረንጓዴና ሐምራዊ፣ ቀሚሷ ከግድግዳው ጋር ይመሳሰላል። እውነተኛ ችግር ያለበት ቤት እንዲህ አይመስልም። ስለ ጦርነትና ስለ ዕዳ የሚያወራ ፊልም ለምን እንዲህ ያጌጣል? በቁም ነገር ነው የምጠይቀው።

አምባሳደር_አዳራሽ

ልጄ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። እኔ በዕድሜ የገፋሁ ሰው ነኝና ከሩቅ ልጀምር።

እኛ ወጣት ሳለን አዲስ አበባ ውስጥ የህንድ ፊልም የማያይ አልነበረም። ቋንቋውን ሳንሰማ ዘፈኑን በቃላችን እንይዝ ነበር። የህንዱ ፊልም ላይ ሰዎቹ ያወራሉ፣ ያወራሉ፣ ስሜቱ ሲሞላ ዘፈን ይፈነዳል፤ ተራራው ሥር ይጨፈራል፤ ከዚያ ተመልሰው ያወራሉ። ዘፈኑ ከኑሮ መውጫ ነው። የአሜሪካኖቹም እንደዚያው ነው።

ይህ ፈረንሳዊ ያደረገው ሌላ ነው። መውጫውን ዘጋው። የሚመለሱበት ተራ ንግግር ስለሌለ ዘፈኑ ጌጥ መሆኑ ይቀራል፤ አየሩ ራሱ ዜማ ይሆናል። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ያስቸግራል፤ ከዚያ ጆሮ ይለምዳል። ከለመደ በኋላ የሚሆነውን ነው ልነግርህ የፈለግሁት፤ ዕዳውም ፍቅሩም በአንድ ዓይነት ድምፅ ስለሚነገር አንዱ ከሌላው የሚበልጥ አይመስልም። እናትየው ስለ ግብር ወረቀት ስትዘፍን ልጅቷ ስለ ፍቅር የምትዘፍነውን ያህል እውነት አላት። በተራ ፊልም ቢሆን እናትየዋን አንሰማትም ነበር፤ የፍቅር እንቅፋት ናት ብለን እናልፋት ነበር። እዚህ ግን መስማት ግድ ይሆናል። እናትየዋ ማዳም ኤመሪ በፍቅር የሚሞተው በፊልም ብቻ ነው ብላ ልጇን ስትገሥጽ፣ ይህን የምትለው ፊልም ውስጥ ሆና መሆኑን ተመልከት። ትክክልም ናት፤ ማንም በፍቅር አይሞትም። ሁሉም ይኖራል።

ዜማ_ሰሚ

ጋሼ የተናገሩት ላይ የሙዚቃውን ጎን ልጨምር፤ ሥራዬ ስለሆነ።

ዜማውን የደረሰው ሚሼል ለግራን ነው። አሠራሩን ብታውቁ ተዋንያኑን በሌላ ዓይን ታዩአቸዋላችሁ። ካሜራ ከመነሳቱ በፊት ሙዚቃው በሙሉ፣ ከድምፅ ጋር፣ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀርጾ አልቋል። የምንሰማው የተዋንያኑ ድምፅ አይደለም። ዤንቪዬቭን ለምትጫወተው ለካትሪን ደነቭ የዘፈነችው ዳንየል ሊካሪ ናት፤ ጊን ለሚጫወተው ለኒኖ ካስቴልኑዎቮ ዦዜ ባርተል፤ ለእናትየው ደግሞ የለግራን እህት ክሪስቲያን ለግራን። ተዋንያኑ ቀረጻው ቦታ ላይ ሙዚቃው እየተለቀቀላቸው ከንፈራቸውን ያስኬዳሉ።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ተዋናይ እንባውን የሚያመጣበትን ሰከንድ አይመርጥም። መልስ ከመስጠቱ በፊት ትንሽ ልቆይ ማለት አይችልም፤ ቆይታው ከወራት በፊት በኖታ ተለክቷል። ኮቱን ሲያወልቅ፣ ኩባያ ሲያነሳ፣ በር ሲከፍት ሁሉ ሰዓቱ ተቆጥሯል። ደነቭ በዚያን ጊዜ ሃያ ዓመት ገደማ ነበረች። ባቡር ጣቢያው ላይ ፊቷን እዩት፤ ከአፏ የሚወጣው የሌላ ሰው ድምፅ ነው፣ ግን አንገቷ ላይ ያለው ጅማት ይታያል። እኔ ይህን ከታሪኩ ጋር አያይዤ ነው የማየው። እነዚህ ልጆች ሌላ ሰው በወሰነላቸው ሰዓት ነው የሚንቀሳቀሱት። የግዳጅ ደብዳቤ ሲመጣ ጊ ቀን አልመረጠም። የግብር ወረቀቱም ቀጠሮ አልጠየቀም።

ቀጥታ ተናጋሪ፣ ዝምታ የለም ያልከውን ግን አልስማማበትም። ማድሌን የምትባለውን ልጅ ተከታተል። የጊን አክስት የምታስታምመዋ ናት። ከሁሉም ያነሰ የምትዘፍን እሷ ናት፤ ክፍሉ ውስጥ ቆማ ታያለች፣ መድኃኒት ታቀብላለች። ሙዚቃው በዙሪያዋ ያልፋል እንጂ እሷ ዝም ናት።

ሊዮን_ነዋሪ

ሰላም ወገኖች። ፈረንሳይ ስለምኖር እዚህ ፊልሙ በሌላ ክብደት እንደሚታይ ልንገራችሁ።

የአልጄሪያ ጦርነት ከ1954 እስከ 1962 የቆየ ነው። እንደ ጊ ያሉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ግዳጅ ወጣቶች ተልከዋል። ነገር ግን የፈረንሳይ መንግሥት በሕግ «ጦርነት» ብሎ የጠራው በ1999 ነው። እስከዚያ «ጸጥታ የማስከበር ዘመቻ» እየተባለ ነበር የሚነገረው። ዣን ሉክ ጎዳር የሚባለው ፊልም ሠሪ ይህንኑ ጦርነት የሚነካ ፊልም በ1960 ቀርጾ እስከ 1963 ታግዶበታል። እና በ1964 መጀመሪያ፣ ጦርነቱ ካበቃ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ይህ ሮዝና ሰማያዊ ፊልም ሲኒማ ቤት ገባ። አልጄሪያን አንድም ጊዜ አያሳየንም፤ ተኩስ የለም። አንድ መካኒክ ብቻ ሄዶ ሲመለስ ያነክሳል፤ ከተመለሰ በኋላም ሥራ አይረጋለትም፣ ይጠጣል፣ ይጣላል፣ ከአለቃው ጋር ተጨቃጭቆ ይወጣል። አዳራሹ ውስጥ ግን እንደዚያ የተመለሱ ወንዶችና የጠበቋቸው ሴቶች ተቀምጠዋል። እዚህ አገር በዚያ ዕድሜ ያሉ አባቶች ስለ አልጄሪያ ብዙ አያወሩም። ይህን ፊልም ግን ሁሉም ያውቁታል።

ስለዚህ ቀጥታ ተናጋሪ «ለምን ያጌጣል» ላልከው የኔ መልስ ይህ ነው። በቀጥታ የተናገሩት ታገዱ። ደሚ አጊጦ ነው ያስገባው። ሰው የፍቅር ፊልም ሊያይ ገብቶ ጦርነቱን ይዞ ወጣ።

ለጋራዥ ልጅ ደግሞ አንድ ነገር፤ በዚያ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ያላገባች እናት መሆን ከባድ ነውር ነበር። የወሊድ መከላከያ እንኳ በሕግ የተፈቀደው በ1967 ነው። አሥራ ሰባት ዓመት፣ ገቢ የላት፣ ሱቁ ሊሸጥ ነው። «ሰበብ» ያልከው ይህን ሁሉ ነው።

ጋራዥ_ልጅ

የሕጉን ነገር ስለነገርከን አመሰግናለሁ። ችግሯ ቀላል ነበር አላልኩም፤ የባሕር ማዶ ልጅ የጻፈችውንም ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ግን ጊም ችግር ላይ ነበር፣ እሱ ግን አልተወም። ከተመለሰ በኋላ ያበደው እኮ ለዚህ ነው። ሰካራም ሆኖ ቡና ቤት ያገኛትን ሴት ተከትሎ ሲሄድ፣ ጄኒ ነኝ ያለችው ሴት እውነተኛ ስሟ ዤንቪዬቭ ሆኖ ይገኛል። በዚያው ሌሊት አክስቱ ትሞታለች። እኔ ፊልሙ ላይ አንጀቴን የበላው እዚያ ነው። የተጠባበቀ ሰው ብድሩ ይህ ነው? አትክሰሱኝ፤ ልቤ ከእሱ ጋር ነው።

ብርቱካን_ቀለም

ልብህ ከእሱ ጋር መሆኑ ደስ ይለኛል። የኔም እኮ ነው። ፊልሙ ጨካኝ የሆነው ለሁለቱም እንድናዝን ስለሚያደርገን ይመስለኛል።

ቀለሙን በተመለከተ ለቀጥታ ተናጋሪ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የትኛውን ቅጂ ነው ያየኸው? ይህን የምጠይቅህ ለከንቱ አይደለም። ፊልሙ የተቀረጸበት ኢስትማንከለር የሚባለው ባለቀለም የካሜራ ፊልም ከጊዜ ጋር ይደበዝዝ ነበር፤ ለረጅም ዓመታት ሰው ያይ የነበረው የገረጣ ቅጂ ነው። ደሚ ግን አስቀድሞ ሦስቱን ቀለማት ለየብቻ በጥቁርና ነጭ ፊልም አስቀርጾ አስቀምጦ ነበር። ጥቁርና ነጩ አይደበዝዝም። እሱ በ1990 ከሞተ በኋላ ባለቤቱ አኜስ ቫርዳ፣ እሷም ትልቅ የፊልም ሠሪ ናት፣ ከዚያ ተነስታ ቀለሙን እንዲመለስ አደረገች። በይነመረብ ላይ የሚገኙ አንዳንድ ቅጂዎች አሁንም የደበዘዙት ናቸው። በደበዘዘው ቅጂ ላይ ግድግዳው ቡኒ፣ ቀሚሷም ቡኒ ነው።

በደህናው ቅጂ ግን ቀለሙ ታሪክ ሲናገር ታያለህ። በርናር ኤቨን ነው ቤቶቹን ያዘጋጃቸው። ዤንቪዬቭ እርግዝናዋ ገፍቶ ሳለ ሰማያዊ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ ሰማያዊ አበባ ያለበት ግድግዳ ፊት ትቀመጣለች። እኔ መጀመሪያ ቆንጆ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ድጋሚ ሳየው ልጅቷ ከቤቱ ዕቃ አንዱ እየሆነች መሆኑ ታየኝ፤ ግድግዳው እየዋጣት ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ያ ሁሉ ቀለም ይሄድና በረዶ ብቻ ይቀራል፤ ነጭ ማደያ፣ ጥቁር መርሴዲስ።

እልፍነሽ_ነኝ

እስካሁን ዝም ብዬ ነው የማነብ። ስለ መጨረሻው ትዕይንት ማንም ገና በቅጡ ስላላነሳ እኔ ላንሳው።

ዲሴምበር 1963፣ የገና ዋዜማ። ጊ የሚመኘውን ነዳጅ ማደያ በአክስቱ ውርስ ከፍቷል፤ ማድሌንን አግብቶ ፍራንስዋ የሚባል ልጅ አላቸው። ማድሌንና ልጁ ለገበያ ወጡ። ያኔ መኪናው ይገባል። ዤንቪዬቭ ናት፤ ጸጉሯ ተሠርቷል፣ ፀጉር ኮት ለብሳለች። አጠገቧ ትንሽ ልጅ አለች። ጊ ብርድ ነው ብሎ ወደ ቢሮው ያስገባታል። የገና ዛፉን አይታ አንተ ነህ ያስጌጥከው ትለዋለች፤ አይ፣ ባለቤቴ ናት፣ ለልጁ ነው ይላታል። እናቷ መሞቷን ትነግረዋለች። ከተጋባች ጀምሮ ወደ ሼርቡር ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። እንደማገኝህ አላሰብኩም፣ በአጋጣሚ ነው ትላለች። ሠራተኛው ገብቶ የትኛውን ዓይነት ነዳጅ ልሙላ ብሎ ይጠይቃል።

ይህን ነው ያልረሳሁት። የዓመታት ነገር በመሐላቸው ቆሞ ሳለ ስለ ቤንዚን መልስ መስጠት አለባት። ትሰጣለችም።

ከዚያ የልጅቷን ስም ይጠይቃታል፤ ፍራንስዋዝ። ብዙ ነገሯ አንተን ይመስላል፣ ልታያት ትፈልጋለህ? ትለዋለች። ጊ ራሱን ይነቀንቃል። አሁን መሄድ ትችያለሽ መሰለኝ ይላታል። በሩ ላይ ደህና ነህ? ትለዋለች። አዎ፣ በጣም ደህና ነኝ።

እኔ የምጠይቃችሁ ስለ ዤንቪዬቭ አይደለም። ልጅቷን ለማየት እምቢ ያለው ጊ ትክክል ነው?

የባሕር_ማዶ_ልጅ

አይደለም። እኔ እዚያ ላይ ተናደድኩበት። ልጅቷ ምን አጠፋች? መኪናው ውስጥ ጥሩንባ እየነፋች ትጠብቃለች፤ አባቷ ከመስታወቱ ጀርባ ነው። አንድ ጊዜ ወጥቶ በመስኮት ቢያያት ምን ይጎዳ ነበር?

ጋራዥ_ልጅ

እኔ ደግሞ እዚህ ላይ ጊን አከብረዋለሁ። ቢያያት ምን ይሆናል? ልጅቷ አባት አላት፤ ሮላን ነው። ያሳደጋት እሱ ነው። ጊ ደግሞ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የምትመለስ ሚስትና ልጅ አሉት። አንድ ጊዜ ካያት ሁለተኛ ጊዜ ማየት ይፈልጋል። በሩን ስለማያስችለው ነው የዘጋው፣ ስላልወደዳት አይደለም።

አምባሳደር_አዳራሽ

ሁለታችሁም ልጆቼ እውነት አላችሁ። እኔ የማየው ግን የሁለቱን ልጆች ስም ነው። ፍራንስዋና ፍራንስዋዝ። ጊና ዤንቪዬቭ ገና ሳይለያዩ ሴት ልጅ ብንወልድ ፍራንስዋዝ እንላታለን እየተባባሉ ያልሙ ነበር። እሷ ቃሏን ጠበቀች፤ እሱም ለሌላው ልጁ ያንኑ ስም ሰጠ። ሁለቱም ሳይነጋገሩ። እንግዲህ ማን ከዳ? በስሙ በኩል ማንም አልከዳም። ጋራዥ ልጅ፣ ይህችን ነገር አስብባት።

እልፍነሽ_ነኝ

ጋሼ ስሙን ስላነሱት እኔ ወደ ማድሌን ልመለስ፤ ምክንያቱም ያ ስም የወጣው በእሷ ልጅ ላይ ነው። ታውቅ ይሆን? የማታውቅ አይመስለኝም። ጊ እንጋባ ሲላት አሁንም ዤንቪዬቭን ታስባለህ? ብላ በቀጥታ የጠየቀችው እሷ ናት። ሁላችንም እዚህ ከሃዲ ናት አይደለችም እያልን ስለ ዤንቪዬቭ ስንጽፍ፣ ሳታስጮህ የሞተችውን አሮጊት ያስታመመች፣ የሰከረውን ሰውዬ ከመውደቅ ያነሳች ሴት አንድ ዜማ ሰሚ ብቻ ነው ያነሳት።

የመጨረሻውን ምስል ልብ በሉ። መኪናው ከወጣ ወዲያው ማድሌንና ልጁ በበረዶው ውስጥ እየመጡ ነው። ጊ ወጥቶ ይቀበላቸዋል፣ ያቅፋታል፣ ከልጁ ጋር በረዶ ይወራወራል። የሚሰማው ሙዚቃ ግን የዤንቪዬቭ ነው፤ በባቡር ጣቢያው የሰማነው፣ አሁን በመዘምራን ጭምር። ይህ ለእኔ ከመለያየቱ ይበልጥ ያማል። ሰውየው በእውነት ደስተኛ ነው፣ ማድሌንን በእውነት ይወዳታል፤ ግን ፊልሙ ለእሷ የራሷን ዜማ አልሰጣትም። ደሚን በዚህ ብቻ እወቅሰዋለሁ።

ዜማ_ሰሚ

እልፍነሽ፣ ትልቅ ነገር ነው ያነሳሽው። ወቀሳሽን ግን እኔ በሌላ በኩል እሰማዋለሁ። ያ ዜማ መጨረሻ ላይ ከፍ ሲል የዤንቪዬቭ ብቻ መሆኑ ቀርቷል ብዬ አምናለሁ። በካፌው የሁለት ሰው ነበር፤ በበረዶው ውስጥ ሦስቱንም፣ ሄዳ ያለችውንም፣ መኪናው ውስጥ ያለችውንም ልጅ ይሸፍናል። ካሜራው ወደ ላይ እየራቀ ሲሄድ ማደያው በሙሉ በዜማው ውስጥ ነው። ማድሌን ከዜማው ውጪ አልቀረችም፤ ገባች።

ቀጥታ_ተናጋሪ

ብርቱካን፣ ቅጂውን አጣራሁ። ያየሁት የደበዘዘው ነው፤ ሁሉ ነገር ቡኒ ነበር። የታደሰውን አግኝቼ እስከ መጨረሻው አየሁት። ዘፈኑ አሁንም ያስቸግረኛል፤ በተለይ እናትየውና ልጅቷ ሱቅ ውስጥ ሲከራከሩ ቃል በቃል ላይ ይደራረባል። ሊዮን ነዋሪ ያለውም አላሳመነኝም። ጦርነቱን በጌጥ ማስገባት ይቻላል፤ ግን ጊ አልጄሪያ ውስጥ ምን እንዳየ፣ ምን እንዳደረገ ፊልሙ አይጠይቅም። አልጄሪያዊም የለበትም። ይህ ጉድለት ነው፤ ቀለሙ ያማረ ስለሆነ ልናልፈው አይገባም።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ሮላን ለእናትየው ስለ ቀድሞ ፍቅሩ ሲነግራት ካሜራው ድንገት ባዶ የሆነ አሮጌ የገበያ መተላለፊያ ውስጥ ይዞራል። ደረጃ አለ፣ ሐውልቶች አሉ፣ ሰው የለም። ይህ ከየት መጣ?

ሊዮን_ነዋሪ

አልጄሪያዊ የለበትም ያልከው እውነት ነው፤ እዚህም የሚነሳ ወቀሳ ነው፣ እኔም እቀበለዋለሁ።

መተላለፊያው ናንት ያለው ፓሳዥ ፖምረ ነው። ሮላን ካሳር በዚህ ፊልም የተወለደ ሰው አይደለም። ደሚ በ1961 «ሎላ» የሚባል ጥቁርና ነጭ ፊልም ሠርቷል፤ እዚያ ላይ ሮላን፣ ያው ተዋናይ ማርክ ሚሼል፣ ሎላ የምትባል ሴት ወድዶ ያጣል። ሎላ ሌላ ሰው ነበር የምትጠብቀው፤ ለዓመታት ርቆ የሄደ የልጇን አባት። ጠበቀችው፣ መጣላትም። ስለዚህ ሮላን ሼርቡር ሲደርስ አንድ ጊዜ በምትጠብቅ ሴት የተሸነፈ ሰው ነው። ዤንቪዬቭን ሲያገባ ይህን ይዞ ነው።

ጋራዥ_ልጅ

እንዴ! አንደኛዋ ጠበቀች፣ አንደኛዋ አልጠበቀችም ማለት ነው? ሎላን ማየት አለብኝ።

ብርቱካን_ቀለም

እኔም አላየሁትም። እንግዲያው ቅዳሜ ማታ ሁላችንም ሎላን እንየው፤ እሑድ አዲስ ክር እከፍታለሁ። የባሕር ማዶ ልጅ፣ የዕረፍት ቀንሽ ካልሆነ ንገሪኝና ወደሚመችሽ ቀን እንቀይረው።

የባሕር_ማዶ_ልጅ

ዓርብ ነው የኔ ዕረፍት። ዓርብ ማታ ብታደርጉት ከእናንተ ጋር አያለሁ።

ብርቱካን_ቀለም

ዓርብ ሆነ። ቀጥታ ተናጋሪ፣ ይሄኛው ላይ ሰዎቹ ያወራሉ፤ እንዳትቀር።